ኮልንን ሳታዩ ስካፓ ፍሎን አየሁ አትበሉ

ስኮትላንድ አጠገብ ስላለው የሰመጡ መርከቦች ባሕር፣ ስለ ስካፓ ፍሎ፣ የሚያወራ ዳይቨር (ጠላቂ) ስታገኙ ወሬው ዞሮ ዞሮ ሦስት ስሞች ላይ ያርፋል። ማርክግራፍ፣ ኮኒግ፣ ክሮንፕሪንዝ ቪልሄልም። ሦስቱም እዚያ ሰምጠው የቀሩ ግዙፍ የጀርመን ጦር መርከቦች ናቸው። እያንዳንዳቸው 175 ሜትር ይረዝማሉ፣ ክብደታቸው ከ25 ሺህ ቶን በላይ ነው፣ በፈረንጆቹ 1916 በጁትላንድ የባሕር ውጊያ ከእንግሊዝ ባሕር ኃይል ጋር ተታኩሰው ሳይሰምጡ ተመልሰዋል። ሰው ስማቸውን እየደጋገመ ቢጠራ አይገርምም። እኔም ወርጄ አይቻቸዋለሁ፣ ደግሞም እወዳቸዋለሁ። ግን አንድ ሰው «እዚያ ሄጄ አንድ መርከብ ብቻ ማየት ብችል የቱን ልይ?» ብሎ ቢጠይቀኝ መልሴ ኮልን ነው። ሳላመነታ።

ምክንያቴ ግልጽ ነው። ሦስቱ ጦር መርከቦች ሲሰምጡ ከላይ የተሸከሙት የመድፍና የብረት ክብደት ገለበጣቸው፤ የባሕሩ ወለል ላይ ተደፍተው ቀሩ። ስትወርዱ የሚያጋጥማችሁ ሆዳቸው ነው። መድፉ፣ ማማው፣ ሰው ሲመላለስበት የነበረው ሁሉ ከስር ተቀብሯል ወይም ጨለማ ውስጥ ነው። ኮልን ግን ቀለል ያለች ክሩዘር፣ ማለትም ከእነዚያ ያነሰች የውጊያ መርከብ ናት፣ በቀኝ ጎኗ ነው የተኛችው። የላይኛው ወለሏ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ እናንተ ፊት ለፊቱ ተንሳፍፋችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ልታነቡት ትችላላችሁ። መርከብ መሆኗ ይገባችኋል። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

ወደ ውሃው ከመግባታችን በፊት ግን ታሪኩን ላውራ፤ ያለ ታሪኩ የዛገ ብረት ነው የምታዩት። (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው፤ ሰዓቱን ግን በእኛ።)

ስካፓ ፍሎ ከስኮትላንድ ዋና ምድር በስተሰሜን፣ ኦርክኒ የሚባሉት ደሴቶች መሃል ያለ ሰፊ ባሕር ነው። ዙሪያውን ደሴቶች ከበውታል፤ የውቅያኖሱ ማዕበል እንደ ልቡ አይገባበትም። በዚህ የተነሳ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በሁለቱም የዓለም ጦርነቶች ዋና ሰፈሩ አድርጎት ነበር። ኖቬምበር 1918 ተኩስ ሲቆም ጀርመን ምርጥ ምርጥ መርከቦቿን በእንግሊዝ ጥበቃ ስር እንድታቆም ተገደደች። 74 መርከቦች እዚህ ገብተው መልህቅ ጣሉ። የሰላም ውሉ እስኪፈረም ድረስ ይቆያሉ ተባለ። መርከበኞቹ ወደ መሬት እንዳይወርዱ ተከለከሉ። ከአንዱ መርከብ ወደ ሌላው መሄድም አይቻልም። የሚበሉት ከጀርመን ነው የሚላክላቸው፣ እሱም የሚመሰገን አልነበረም። ወራት እንዲህ አለፉ፤ ክረምቱም ጸደዩም እዚያው የብረት ሳጥን ውስጥ።

አዛዡ አድሚራል ሉድቪግ ፎን ሮይተር ዜና የሚያገኘው ቀናት ካለፉት የእንግሊዝ ጋዜጣ ነበር። የድርድሩ የጊዜ ገደብ ሊያልቅ መሆኑን አነበበ፤ ገደቡ በሁለት ቀን መራዘሙን ግን አልሰማም። መርከቦቹ በጠላት እጅ ከሚገቡ ቢሰምጡ ይሻላል ብሎ አስቀድሞ ወስኗል። ጁን 21 ቀን 1919 ጠዋት ጠባቂው የእንግሊዝ ጓድ ለልምምድ ወጣ። ሮይተር ከዚህ የተሻለ ቀን አያገኝም። ባንዲራና መብራት በመጠቀም አስቀድመው የተስማሙበትን መልእክት አስተላለፈ፤ «አንቀጽ 11»። ከዚያ በየመርከቡ ሆድ ውስጥ የባሕር ውሃ የሚያስገቡት ቫልቮች ተከፈቱ። መልሶ የሚዘጋቸው እንዳይኖር መክፈቻዎቹ ባሕር ተጣሉ። የውስጥ በሮች ክፍት ተተዉ፣ ክብ መስኮቶቹ ተላቀቁ። ውሃው ተንደረደረ።

በዚያው ሰዓት የስትሮምነስ ከተማ ተማሪዎች ፍላይንግ ኬስትረል በምትባል ጀልባ ላይ ሆነው የጀርመኖቹን መርከቦች ሊጎበኙ ወጥተው ነበር። አስቡት እስቲ። አስተማሪ «ይሄ እንትን ይባላል፣ ያ ደግሞ እንትን ይባላል» እያለ ሲያሳያቸው መርከቡ ማዘንበል ጀመረ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሌላው። ፍሪድሪሽ ደር ግሮሰ 6 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ላይ ቀድማ ሰመጠች። ሂንደንበርግ 11 ሰዓት ላይ መጨረሻዋ ሆነች። ኮልን መሃል ላይ ነች፤ 7 ሰዓት ከ50። በአንድ ከሰዓት በኋላ 52 መርከቦች ወለሉን ነኩ። ልጆቹ ይሄን ታሪክ አርጅተውም ሲያወሩት ኖሩ።

ቀኑ ያለ ደም አላለፈም። እየተጣደፉ የተመለሱት እንግሊዞች መርከቦቹን ለማትረፍ ሲሞክሩ ግርግር ተነሳ፣ ዘጠኝ ጀርመናውያን ተገደሉ። ከእነሱ አንዱ የማርክግራፍ ካፒቴን ቫልተር ሹማን ነው። ጦርነቱ ካበቃ ከሰባት ወር በኋላ፣ የሰላም ውሉ ሊፈረም ሳምንት ሲቀረው። ሆይ ደሴት ላይ ላይነስ የሚባል የባሕር ኃይል መቃብር አለ፣ እዚያ ነው የተቀበሩት። ለመጥለቅ የሚሄድ ሰው ሁሉ ግማሽ ቀን ሰጥቶ ላይነስን ቢያይ ደስ ይለኛል፤ ሙዚየሙም እዚያው ነው።

ታዲያ 52 ሰምጠው ዛሬ ጠላቂ የሚያያቸው ለምን ሰባት ብቻ ቀሩ? የቀሩት ወጡ! ኧርነስት ኮክስ የሚባል ብረታ ብረት ነጋዴ በ1924 ሥራውን ጀመረ። የሰመጠ መርከብ አውጥቶ አያውቅም ነበር። መጀመሪያ ትንንሾቹን ዲስትሮየሮች በሰንሰለት እየጎተተ አወጣ፣ ከዚያ ወደ ትልልቆቹ ዞረ። የተደፉትን ለማውጣት የተጠቀመው ዘዴ እስካሁን ያስደንቀኛል። ጠላቂዎች ወርደው ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ይደፍናሉ። ከዚያ አየር ወደ ተገለበጠው ሆድ ይነፋል። ውሃው በስር እየወጣ አየሩ ቦታውን ይይዛል። በመጨረሻ ያ ሁሉ ሺህ ቶን ብረት ተገልብጦ እንዳለ ከባሕር ብቅ ይላል። እንደተገለበጡም ወደ ደቡብ ተጎትተው ሄደው ተቆራረጡ። ኮክስ 26 ዲስትሮየርና 7 ትልልቅ መርከቦች አወጣ፣ ሌሎች ደግሞ ከእሱ በኋላ ቀጠሉበት።

ሰባቱ ጥልቅ ቦታ ላይ ስለነበሩ ማውጣቱ አላዋጣም። ሦስቱ ጦር መርከቦችና አራት ክሩዘሮች ማለት ነው፦ ኮልን፣ ድሬስደን፣ ብሩመር፣ ካርልስሩኸ። ግን እነሱም ሙሉ ለሙሉ አልተተዉም። በኋላ በፈንጂ እየሰበሩ የሞተር ክፍላቸውን ከፍተው መዳቡንና ነሐሱን ወሰዱ። ብረታቸውም ተፈላጊ ሆነ። ከ1945 የአቶሚክ ፍንዳታዎች በፊት የቀለጠ ብረት ጨረር አልነካውም፤ ከዚያ ወዲህ የተሠራው ብረት ግን ሲቀልጥ ከሚነፋበት አየር ትንሽ ትንሽ ጨረር ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ጥቃቅን ጨረር የሚለኩ መሣሪያዎች የሚሠሩ ሰዎች ይሄን አሮጌ ብረት ፈለጉት። መርከቦቹ ላይ የምታዩት ትልልቅ ጉድጓድ የጦርነት ቁስል አይደለም። የገበያ ቁስል ነው።

አሁን ስለ ብርዱ። ስካፓ ፍሎ ስል ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እሱን ነው።

ውሃው በጸደይ 7 ወይም 8 ዲግሪ ነው። ኦገስትና ሴፕቴምበር ላይ 13 አካባቢ ይደርሳል፤ በዚያ አገር ያ «ሞቀ» ይባላል። ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር ይልቅ 25 እጥፍ ያህል ፈጥኖ ይወስዳል። በ13 ዲግሪ አየር ውስጥ በሹራብ ትንሸራሸራላችሁ፣ በ13 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ግን ያለ ተገቢ ልብስ ጣታችሁ መታዘዝ ያቆማል። ጣት ካልታዘዘ ደግሞ ቫልቭ መክፈት፣ መንጠቆ መፍታት፣ ጥልቀትና ጊዜ የሚቆጥረውን የእጅ ኮምፒውተር መንካት አይቻልም። ብርድ በዳይቪንግ ውስጥ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

መልሱ ድራይ ሱት ነው። ውሃ የማያስገባ ሙሉ ልብስ፣ አንገትና የእጅ አንጓ ላይ ጥብቅ ላስቲክ ያለው። ብዙ ሰው ድራይ ሱቱ የሚያሞቅ ይመስለዋል። የሚያሞቀው ከውስጥ የሚለበሰው ወፍራም ልብስና በውስጡ የተያዘው አየር ነው። ስለዚህ ገንዘባችሁን የውስጥ ልብሱ ላይ አትቆጥቡ። ደረቅ ጓንት ልበሱ። የራስ መሸፈኛውም ወፍራም ይሁን፣ ግንባር ላይ ክፍተት እንዳይተው ማስኩ ስር በደንብ ግባ ይበል። ከንፈርና ጉንጭ ግን መሸፈኛ የላቸውም፤ የመጀመሪያው ደቂቃ እዚያ ላይ ይቆነጥጣል፣ ከዚያ ይደነዝዛል፣ ከዚያ ትረሱታላችሁ።

አንድ ነገር አጥብቄ የምለው፦ ጀልባው ላይ አታልቡ። ቀድሞ ለብሶ ፀሐይ ላይ የሚቀመጥ ወይም ሲሊንደር እየተሸከመ የሚሯሯጥ ሰው የውስጥ ልብሱን በላብ ያረጥባል። ውሃ ውስጥ ያ እርጥበት ይቀዘቅዝና ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ያንቀጠቅጠዋል። ዚፑን እስከ መጨረሻው ሰዓት ክፍት ተዉት፣ እየተረጋጋችሁ ልበሱ።

ሬጉሌተሩም፣ ማለትም ከሲሊንደሩ አየር የምትተነፍሱበት መሣሪያ፣ ለቀዝቃዛ ውሃ የተሠራ መሆን አለበት። ከሲሊንደር የሚወጣ አየር ግፊቱ ሲቀንስ ራሱ ይቀዘቅዛል፤ ውሃውም ቀዝቃዛ ከሆነ ውስጡ ያለው እርጥበት በረዶ ሠርቶ ቫልቩን ከፍቶ ይይዘዋል። ያኔ አየሩ ሳይቆም ይፈስሳል፣ ሲሊንደሩ በደቂቃዎች ውስጥ ባዶ ይሆናል። ከውሃ በላይ ሆናችሁ ደጋግማችሁ አትተንፍሱበት። ሁለት ሲሊንደር፣ ሁለት ሬጉሌተር፣ እያንዳንዱ የራሱ መዝጊያ ያለው። እዚያ ጥልቀት ላይ እኔ ከዚህ ባነሰ አልወርድም።

ደግሞ የመውጫው ብርድ አለ፣ እሱን ብዙ ሰው አያስበውም። ስትወጡ ሰውነታችሁ የተሸከመውን ናይትሮጅን ቀስ እያለ መልቀቅ አለበት። ሰውነት ሲበርደው ግን ወደ እጅና እግር የሚልከውን ደም ይቀንሳል፣ ናይትሮጅኑም እዚያ ይታሰራል። ስለዚህ መጨረሻ ላይ 6 ሜትር አካባቢ ቆማችሁ ስትጠብቁ እየተንቀጠቀጣችሁ ከሆነ ኮምፒውተሩ የሚያሳየው ቁጥር የእናንተን ሰውነት በትክክል አይነግራችሁም። እኔ እዚያ ላይ ሁልጊዜ ኮምፒውተሩ ከሚለው በላይ ደቂቃዎች እጨምራለሁ።

እሺ፣ እንውረድ።

ጀልባዎቹ የሚነሱት ከስትሮምነስ ነው። አብዛኞቹ ትልልቅና ጠንካራ ናቸው፣ ከነመሣሪያችሁ ከውሃ የሚያነሳችሁ ሊፍት ከኋላ ያላቸውም አሉ። ካፒቴኖቹ መርከቦቹ የት እንደተኙ እንደ እጃቸው መዳፍ ነው የሚያውቁት። ከመርከቧ ጋር የታሰረ ገመድ አለ፣ ላዩ ላይ ተንሳፋፊ ኳስ። ገመዱን ይዛችሁ ትወርዳላችሁ። ውሃው አረንጓዴ ነው፤ በጸደይ ፕላንክተን የሚባሉት ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት ሲፈሉ ደግሞ ከእጃችሁ ርዝመት ብዙም አታዩም። ጥሩ ቀን ላይ 10 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ይታያል። ከ10 ሜትር በታች ቀይ ቀለም ይጠፋል። ጓንቴ ላይ ያለው ቀይ መስመር ጥቁር ይሆናል፣ በባትሪ ሳበራበት ግን ተመልሶ ይቀላል። ልብሱ እየጠበበ ይመጣል፤ ግፊቱ የውስጡን አየር ይጨምቀዋል። ደረት ላይ ያለውን ቁልፍ ጫን ብላችሁ ትንሽ አየር ታስገባላችሁ። ወዲያው ሙቀቱም ይመለሳል።

20 ሜትር ካለፋችሁ በኋላ ከታች ያለው አረንጓዴ ይጠቁራል። መጀመሪያ ጥላ ነው። ከዚያ ጥላው ጠርዝ ያወጣል። የኮልን ግራ ጎን ነው፤ አሁን ጣሪያ ሆኗል። 155 ሜትር ርዝመት አላት፣ ስለዚህ የትኛውንም ጫፍ ከዚህ አታዩም። ጎኗ ላይ ክብ መስኮቶች ተደርድረዋል፣ ወደ ላይ ሰማይ ያያሉ። ብዙዎቹ ዙሪያቸውን ነጫጭና ብርቱካናማ ለስላሳ ኮራል ወርሶታል። አንዱ ውስጥ ባትሪዬን ሳስገባ ትልቅ ሸርጣን ጉልበቶቹን አጥፎ ክቡን ሞልቶት ተቀምጧል፤ ንቅንቅ አላለም።

ጠርዙን አልፋችሁ ወደ ታች ስትወርዱ ነው ነገሩ የሚጀምረው። የላይኛው ወለል ፊት ለፊታችሁ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከፊት ጫፏ ጀምሩ። የመልህቁ ሰንሰለት አሁንም አለ፣ እያንዳንዱ ቀለበት ከክንዴ ይወፍራል። ሰንሰለቱን የሚጠቀልሉት ትልልቅ ዘንጎች ከወለሉ ወደ ጎን ወጥተው ቆመዋል። የእግር ሥርዓታችሁን እዚህ ላይ ጠብቁ። ፊናችሁ (የእግር መቅዘፊያችሁ) ወደ ታች ከመታ ደለሉ ይነሳና ከኋላችሁ ለሚመጣው ሰው ምንም አይተርፍለትም።

ትንሽ ወደ ኋላ ስትሄዱ የአዛዡን የብረት ማማ ታገኛላችሁ። እኔ ሁልጊዜ ብዙ ጊዜዬን የምጨርሰው እዚህ ነው። በጥይት ጊዜ አዛዡ የሚገባበት ወፍራም የብረት ክፍል ነው፤ ወደ ውጭ የሚያየው በጠባብ ስንጥቅ ነበር። ስንጥቆቹ ሲሠሩ አግድም ነበሩ። መርከቧ በጎኗ ስለተኛች አሁን ቀጥ ብለው ቆመዋል። ፊቴን ወደ ጎን አዘንብዬ በአንዱ ሳይ ባትሪው የውስጡን ግድግዳ ነካ፤ ቡናማ ነው፣ ጥቃቅን ኮከብ መሳይ የባሕር እንስሳት ክንዳቸውን ዘርግተው ሸፍነውታል። የብረቱን ውፍረት በስንጥቁ ጠርዝ በኩል ማየት ትችላላችሁ። ዝገት አልበሳውም፣ አልቀጠነም። በዙሪያው ያለው ስስ ብረት እየተላጠ ሲወድቅ ይሄኛው እንዳለ አለ።

ከማማው አጠገብ የፊተኛው ምሰሶ ወጥቶ በባሕሩ ወለል ላይ ተዘርግቷል። ከዚያ ወደ መሃል ስትሄዱ የነፍስ አድን ጀልባ ማውረጃ ክንዶች አሉ። ቀጭንና ጎባጣ ናቸው፣ ኮራሉ አልብሷቸዋል። ያን ከሰዓት በኋላ ሰዎቿ የለቀቋት በጀልባ ነው። አጣማጄ እዚህ ቦታ ላይ ይቆምና ባትሪውን በአንዱ ማውረጃ ክንድ ጫፍ ላይ ቀስ ብሎ ያሽከረክራል፤ «እየው» ማለቱ ነው። በየወረድንበት ያደርገዋል፣ እኔም በየጊዜው አያለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ክፍል የተሰበረው ነው። ፈንጂው የሞተር ክፍሉን ከፍቶት ብረቱ ተከምሯል፤ የቱ ግድግዳ የቱ ወለል እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ፈጥናችሁ እለፉት። ውስጥ አትግቡ፤ ስለታማ ነው፣ ይረግፋል። ከስብራቱ በስተኋላ መርከቧ እንደገና መርከብ ትሆናለች። እዚያ 15 ሳንቲሜትር አፍ ያለው መድፍ አለ። አፈሙዙ ላይ አኔሞን የሚባሉ አበባ መሳይ ነጭ የባሕር እንስሳት በቅለዋል።

ግን ሁለቱንም ጫፍ በአንድ ጊዜ ለማየት አትሞክሩ። የባሕሩ ወለል 36 ሜትር ላይ ነው። 35 ሜትር ላይ ግፊቱ ከላይኛው አራት ተኩል እጥፍ ነው፣ ስለዚህ ላይ አንድ ሰዓት የሚያቆያችሁ አየር እዚያ ሩብ ሰዓት አይሞላም። በተራ አየር፣ ስትወጡ መንገድ ላይ ቆማችሁ ናይትሮጅን የመልቀቅ ግዴታ ሳይኖርባችሁ 30 ሜትር ላይ መቆየት የሚቻለው 20 ደቂቃ ገደማ ነው። ናይትሮክስ፣ ማለትም ኦክስጅኑ የጨመረ አየር፣ 28 በመቶ ኦክስጅን ያለውን ተጠቀሙ፣ ትንሽ ፋታ ይሰጣችኋል። አንድ ቀን ከፊት፣ ሌላ ቀን ከኋላ። ኮልን ሁለት ቀን ትገባታለች።

ከዚህ በኋላ ማርክግራፍን ስታዩ ልዩነቱ ይገባችኋል። የተኛችበት የባሕር ወለል 45 ሜትር ላይ ነው። መጀመሪያ የምታገኙት ተራራ የሚያክል ባዶ ብረት ነው። ከዚያ ወደ ጎን ወርዳችሁ ከጥላው ስር ትገባላችሁ። እዚያ ቀን የለም። በተራ አየር ከወረዳችሁ ናይትሮጅኑም አእምሮን ማደንዘዝ ይጀምራል፤ ሐሳብ ይንቀራፈፋል፣ አንድ ቁጥር ሦስት ጊዜ ታነባላችሁ። በዚያ ሁኔታ ውስጥ ሆኖ የተገለበጠ ነገር መልሶ በሐሳብ ማቅናት ከባድ ነው። «ይሄ መስኮት ነው ወይስ የመድፍ ቀዳዳ?» እያላችሁ ጊዜያችሁ ያልቃል። ክሮንፕሪንዝ ቪልሄልም ትንሽ ትሻላለች፣ 30.5 ሳንቲሜትር የሆኑት ግዙፍ መድፎቿ ከስር ይታያሉ። እነሱን ማየት ትልቅ ነገር ነው፣ አልክድም። ግን ጀማሪ ጠላቂ መጀመሪያ ማርክግራፍ ላይ ወርዶ ጨለማ ብቻ አይቶ ሲወጣና «ስካፓ ፍሎ እንዳሰብኩት አይደለም» ሲል ስሰማ በጣም እበሳጫለሁ። ችግሩ ሰውየው አይደለም፣ ቅደም ተከተሉ ነው።

ሰባቱም ከ2001 ጀምሮ በሕግ የተጠበቁ ቅርሶች ናቸው። ማየት ይቻላል፣ ምንም ነገር ማንሳት ግን ወንጀል ነው። በ2019 ሦስቱ ጦር መርከቦችና ካርልስሩኸ ኢቤይ የሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ ለሽያጭ ወጡ። ጦር መርከቦቹ እያንዳንዳቸው በ25,500 ፓውንድ፣ ካርልስሩኸ በ8,500 ፓውንድ ተሸጡ። ገዢዎቹ ስሙን እንጂ ብረቱን አይወስዱም፣ ሕጉ አሁንም እንደተጠበቀ ነው። በዚህ ደስተኛ ነኝ። በድሮ ጊዜ ሰው ሰዓቱንም ሳህኑንም ክብ መስኮቱንም እየነቀለ ወስዷል። የተነቀለ መስኮት ሳሎን ውስጥ ጌጥ ነው፤ እዚያው ቦታው ላይ ግን ሹማን በሞተበት ቀን ውሃው በየት በኩል እንደገባ ይነግራችኋል።

እዚያው ባሕር ውስጥ ፈጽሞ የማይጠለቅባቸው ሁለት መርከቦች አሉ። ቫንጋርድ ጁላይ 9 ቀን 1917 ፈንድታ 843 ሰው ይዛ ሰጠመች። ሮያል ኦክን ኦክቶበር 14 ቀን 1939 ዩ-47 የተባለው የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ሌሊት ሰርጎ ገብቶ መታት፤ 835 ሰው አለቀ። ሁለቱም መቃብር ናቸው። ሮያል ኦክ ላይ በየዓመቱ የባሕር ኃይሉ ጠላቂዎች ብቻ ወርደው ባንዲራዋን ይቀይራሉ። አንዳንዴ ጀልባው በአጠገባቸው ሲያልፍ ካፒቴኑ ቦታውን በአገጩ ያሳያል፣ ሰው ሁሉ ዝም ይላል። ከጀርመኖቹ መርከቦች ጋር ያላቸው ልዩነት ይሄ ነው፦ ጀርመኖቹ ሲሰምጡ ውስጣቸው ሰው አልነበረም። እዚያ ገብቶ በነጻነት መደነቅ የሚቻለውም ለዚያ ነው።

የሚያሳስበኝ ጊዜው ነው። ብረቱ ከመቶ ዓመት በላይ ጨው ጠጥቷል። ድሬስደን ላይ ፊት ለፊት በኩል የላይኛው ወለል ከጎኗ ተላቅቆ እያዘነበለ ነው። ካርልስሩኸ ድሮም በፈንጂ ብዙ ተጎድታለች፣ አሁን ደግሞ በየዓመቱ አንድ ነገር ይወድቃል። ኮልንም ወረፋዋን ትጠብቃለች። ማማው ይቆያል፤ የጀልባ ማውረጃ ክንዶቹ ግን እስከ መቼ እንደሚቆዩ ማንም ቃል አይገባላችሁም። ልትሄዱ ካሰባችሁ «አንድ ቀን» አትበሉ።

ቅደም ተከተሌን ልንገራችሁና ላብቃ። መጀመሪያ ቀን ካርልስሩኸ፤ 25 ሜትር ብቻ ናት፣ ለመጥለቅ የምትታጠቁትን ክብደትና ልብሳችሁን እዚያ አስተካክሉ። ሁለተኛ ኮልን ከፊት። ሦስተኛ ኮልን ከኋላ። ከዚያ ብሩመር፤ በ1917 ከእህቷ ብሬምዘ ጋር ወጥታ ከኖርዌይ የሚመጡ የንግድ መርከቦችን ከነአጃቢዎቻቸው ያሰመጠች ፈንጂ ዘሪ ክሩዘር ናት፣ ኮልንን አይታችሁ ስትመጡ የአሠራር ልዩነቱ ወዲያው ይታያችኋል። ከዚያ ድሬስደን፤ እሷ በግራ ጎኗ ስለተኛች ሁሉም ነገር በተቃራኒው ነው የሚመጣው። ማርክግራፍን ለመጨረሻ ቀን አስቀምጡት፣ ውሃው ጠርቶ ሰውነታችሁም ለምዶ ሲቆይ፣ እሱም ለዚያ ጥልቀት ሥልጠናው ካላችሁ ብቻ ነው። ከሌላችሁ ቀኑን ለኮልን ስጡት።